ኦፓሉ የሚሄድባት ከተማ፡ ጃይፑርን አይቶ መግዛት

ወሎ ውስጥ በደላንታ ወረዳ፣ ወጣቶች ከገደል አፍ ላይ በደረታቸው እየዳሁ ከሚገቡበት ጉድጓድ የሚወጣው ኦፓል ረጅም መንገደኛ ነው። መጀመሪያ ወገል ጤና ላይ በግራም ይመዘናል። ቀጥሎ አዲስ አበባ ገብቶ በደላላ እጅ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ብዙው ጥሬ ድንጋይ የሚያርፈው ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ውስጥ፣ የራጃስታን ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ጃይፑር ነው። ድንጋዩ እዚያ ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ ይወለወላል። በብር ቀለበት ላይ ተቀምጦ ባሕር ማዶ በሱቅ መስኮት ሲታይ የኢትዮጵያ ስም አብሮት አለ። ዋጋው ግን ወገል ጤና ላይ የተነሳበት ዋጋ አይደለም።

በዚህ መሐል ምን ተጨመረ? የሚለው ጥያቄ ከመዲናዋ የድንጋይ ነጋዴዎች አፍ ተለይቶ አያውቅም። ብዙዎች «ሕንዶቹ በሉን» ብለው ይዘጉታል። መልሱ ግን ከዋጋ ዝርዝር ላይ የሚነበብ ሳይሆን ከተማዋን በእግር ዞሮ የሚታይ ነው። ጃይፑር በቱሪስት ካርታ ላይ የቤተ መንግሥት፣ የምግብና የእጅ ሥራ ከተማ ናት። ለነጋዴ ደግሞ እጅ እንዴት ዋጋ እንደሚሠራ የምታሳይ ክፍት ትምህርት ቤት ናት። ሁለቱን ለይቶ መጎብኘት አይቻልም፤ ለይቶ ለመጎብኘት የሞከረም አብዛኛውን ጊዜ በኪሱ ይከፍላል።

ለገበያ የተቀየሰች ከተማ

ጃይፑር እንደ ብዙዎቹ ጥንታዊ ከተሞች ቤት በቤት ላይ እየተደረበ በዘፈቀደ ያደገች አይደለችም። ንጉሡ ሳዋይ ጃይ ሲንግ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1727 ቀይሰው የመሠረቷት ናት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት መናገሻው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተራራ ላይ ያለው የአምበር ምሽግ ነበር። ተራራ ለጦርነት ይመቻል፤ ለንግድ ግን አይመችም። ንጉሡ ወደ ሜዳው ሲወርዱ ሐሳባቸው ጠላትን ከመከላከል ይልቅ ነጋዴን ወደ መሳብ ያደላ እንደነበር የከተማዋ አቀማመጥ ራሱ ይመሰክራል።

ቪድያዳር ባታቻርያ የተባሉት የቤንጋል ተወላጅ ሊቅ በረዱበት ንድፍ መሠረት ከተማዋ በ9 ትላልቅ ብሎኮች ተከፈለች። ሁለቱ ለቤተ መንግሥቱና ለመንግሥት ሥራ ተለዩ። የቀሩት ለሕዝቡ ተሰጡ። ዋና ዋና ጎዳናዎች ቀጥ ብለው ይተላለፋሉ፤ በግራና በቀኛቸውም አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ሱቆች ተደርድረዋል። ንጉሡ ነጋዴዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን ከሌሎች ከተሞች ጋብዘው መሬትና የግብር ቅናሽ ሰጧቸው። ዛሬ የኢንቨስትመንት ማበረታቻ የሚባለው ነገር ያኔ በጃይፑር በሥራ ላይ ውሏል።

ከዋናው ጎዳና የሚገነጠሉት መንገዶች የሚጠሩት በሙያ ስም ነው። ማኒሃሮን ካ ራስታ ማለት የአምባር ሠሪዎች መንገድ ማለት ነው። ታቴሮን ካ ራስታ የናስና የመዳብ ቀጥቃጮች መንገድ ነው። ጆሀሪ ባዛር የጌጣጌጥና የከበሩ ድንጋዮች ነጋዴዎች ገበያ ነው። በሕንድኛ «ራስታ» መንገድ ማለት መሆኑን ያላወቀ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ መጀመሪያ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ እንደማለት ነው።

አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በአንድ መንገድ ላይ መሰብሰባቸው የሚሰጠው ጥቅም በኢኮኖሚክስ የታወቀ ነው። ገዢው ከሱቅ ሱቅ እየተሻገረ ዋጋና ጥራት ያመዛዝናል፤ በመሆኑም የፍለጋ ወጪው ይቀንሳል። ሠሪው የጎደለውን መሣሪያ ወይም እጅ ከጎረቤት ያገኛል። ልጅ ሙያውን ከአባቱ ብቻ ሳይሆን ከመንደሩ ይማራል። ጃይፑር ይህን ጥቅም ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ለቀረው ጊዜ ስትሰበስብ ኖራለች። ዩኔስኮ በ2015 በእጅ ሥራና በባሕላዊ ጥበብ የፈጠራ ከተሞች መረብ ውስጥ ያስገባት፣ በ2019 ደግሞ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ክፍል በዓለም ቅርስነት የመዘገበው አለምክንያት አይደለም።

ከገበያ በፊት የሚታየው

ልምድ ያላቸው ተጓዦች የመጀመሪያውን ቀን ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ ያሳልፋሉ። ዓይን ሳይለምድ የገዛ ሰው ይጸጸታልና። ለዚህ የሚሆን የሚታይ ነገር ደግሞ ሞልቷል።

ማልዶ መነሳት የሚጠቅመው ሃዋ ማሃልን ለማየት ነው። በ1799 የተሠራው ይህ ባለ 5 ደርብ የነፋስ ቤተ መንግሥት ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ያርፍበታል። 953 ትናንሽ መስኮቶች አሉት። የቤተ መንግሥት ሴቶች ለሌላው ሳይታዩ የጎዳናውን ሰልፍና ገበያ እንዲያዩ ተብሎ የተሠራ ነው። ግንቡም ሆነ በዙሪያው ያሉት ሱቆች ያላቸው የሸክላ መልክ ከተማዋን «ሮዝ ከተማ» አሰኝቷታል። ቀለሙ ከምሥረታው ጀምሮ እንዲህ አልነበረም። በ1876 የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ለጉብኝት ሲመጡ ከተማዋ ለአቀባበል ተቀባች፤ ቀለሙ በዚያው ጸና። አንድ ጊዜ ለእንግዳ የወጣ የቀለም ወጪ ከመቶ ዓመት በላይ እንግዳ ሲጠራ መኖሩ ለማስታወቂያ ባለሙያዎች የሚነግራቸው ነገር አለ።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ጃንታር ማንታር የሚባለው የሰማይ መመልከቻ አለ። መሥራቹ ንጉሥ ለሥነ ፈለክ የነበራቸው ፍቅር ልክ አልነበረውም። በአምስት የሕንድ ከተሞች መመልከቻ አሠርተዋል፤ የጃይፑሩ ትልቁ ነው። በውስጡ 19 የመለኪያ መሣሪያዎች አሉ፤ የተሠሩትም በድንጋይና በግንብ ነው። ዋናው የፀሐይ ሰዓት 27 ሜትር ይረዝማል። ጥላው በዓይን እየታየ ሲንቀሳቀስ ሰዓትን እስከ 2 ሴኮንድ ልዩነት ድረስ ይለካል። ከተማዋ በልክ የተሠራችው ንጉሡ መለካት የሚወዱ ሰው ስለነበሩ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

በከተማው ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ ሁለት ግዙፍ የብር እንስራዎች ቆመዋል። እያንዳንዳቸው 345 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ የተሠሩትም 14 ሺሕ የብር ሳንቲሞች ቀልጠው ነው። ማሃራጃ ማዶ ሲንግ ዳግማዊ በ1902 ለእንግሊዝ ንጉሥ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሲሄዱ ከተቀደሰው የጋንጅስ ወንዝ ውሃ ላለመለየት በእነዚህ እንስራዎች ሞልተው በመርከብ ጫኑት። ጸበል በቢጫ ጀሪካን ይዞ ከገጠር ለሚመለስ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ ዕቃው ላይ ነው። እንስራዎቹን ቀረብ ብሎ ያያቸው ሰው የሚገነዘበው ግን ሌላ ነገር ነው። ያን የሚያህል ብር ቀጥቅጦ ቅርጽ የሚያሲዝ ባለሙያ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር።

የጆሀሪ ባዛር ውሎ

ጆሀሪ ባዛር ውስጥ የሚያብረቀርቀው የሱቅ መስኮት የገበያው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ሥራ ያለው ከጀርባው፣ በጠባቦቹ መንገዶችና በደረጃ በሚወጣባቸው ክፍሎች ውስጥ ነው። ነጭ ፍራሽ ላይ የተቀመጠው ነጋዴ በመስኮት በሚገባ ብርሃን አንድ እሽግ ወረቀት ይዘረጋል፤ ድንጋዩን በወረንጦ ያነሳል፤ መልሶ ያጥፈዋል። እሽጉን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚያመላልሰው «ዳላል» ይባላል። የእኛ «ደላላ»ና የእነሱ «ዳላል» ከአንድ የዐረብኛ ቃል የወጡ ናቸው። ሥራቸውም ያው ነው፤ ሻጭንና ገዢን ማገናኘትና በመካከል ድርሻን ማግኘት።

በአሮጌው የሕንድ የድንጋይ ንግድ ልማድ ገዢና ሻጭ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ይደራደሩ ነበር። ይህን በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ ሕንድ የተመላለሰው ፈረንሳዊው የጌጣጌጥ ነጋዴ ታቨርኒየ ጽፎታል። ጣት መያዝ አንድ ቁጥር ነው፤ እጅን ሙሉ መጨበጥ ሌላ ቁጥር ነው። አጠገባቸው የቆመ ሰው ስንት እንደተባባሉ አያውቅም። በባቢሌ የግመል ገበያ የዋለ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ የሚደነቅ አይመስልም፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ያሉ የከብት ደላሎችም የሚደራደሩት በዚሁ መንገድ ነውና።

በሃይማኖትና በሙያ በኩል ያለው የሥራ ክፍፍልም መታወቅ አለበት። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ጄይንና ሂንዱ ናቸው። ከቆራጮቹ መካከል ደግሞ ሙስሊሞች ብዙ ናቸው። አንዱ ያለሌላው አይሠራም። ዕቃው ከእጅ እጅ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው። በመሆኑም ስም ማጣት ገንዘብ ከማጣት ይከፋል። ከሻጭ ጋር ሲነጋገሩ ከስሙ በኋላ «ጂ» የሚል ቅጥያ መጨመር «አቶ» ወይም «ጋሼ» እንደማለት ነው። ትንሽ ቃል ናት፤ የዋጋ በር ግን ትከፍታለች።

የድንጋዩ ሥራ ራሱ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። አንዱ ይመርጣል፣ ሌላው ድንጋዩን የት ላይ መቁረጥ እንደሚገባ ይወስናል፣ ሦስተኛው ይቆርጣል፣ አራተኛው በእንጨት ጫፍ ላይ በሙጫ አጣብቆ በሚሽከረከር መሞረጃ ቅርጽ ያስይዘዋል፣ አምስተኛው ይወለውለዋል። የገንዘቡ ሥራ ያለው በሁለተኛው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። አንድ የተሳሳተ መስመር ትልቁን ድንጋይ ሁለት ርካሽ ድንጋይ ያደርገዋል።

የኢትዮጵያ ኦፓል ለዚህ ሰው ልዩ ፈተና ነው። በ2008 ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ የቀለም ጨዋታውም ለጊዜው ሊደበዝዝ ይችላል። ሲደርቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሞረዳው የሚሠራው በውሃ ስለሆነ ባለሙያው የሠራውን በትክክል ለማየት እስኪደርቅ መታገስ አለበት። ቀለም ወይም ቅባት ያለበት ነገር ከነካውም ሊጠጣው ይችላል። ይኸው ጠባይ ድንጋዩን በጭስ ወይም በቀለም ለማጥቆር ስለሚመች ጥቁር የሚመስል ኦፓል ሁሉ ከመሬት ጥቁር ሆኖ የወጣ አይደለም። ገዢ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

የሒሳቡ ነገር በምሳሌ ይታይ። አንድ ነጋዴ 100 ግራም ጥሬ ኦፓል በግራም 50 ብር ገዛ እንበል። ወጪው 5,000 ብር ነው። 1 ግራም 5 ካራት ስለሆነ በእጁ ያለው 500 ካራት ነው። ቅርፊቱ፣ ስንጥቁና ዱቄቱ ሄዶ አንድ አራተኛው ብቻ ተወልውሎ ቢተርፍ 125 ካራት ይሆናል። ስለዚህ የአንዱ ካራት የድንጋይ ወጪ 40 ብር ነው፤ የቆራጭ ዋጋ፣ መጓጓዣና የወለድ ወጪ ገና አልተጨመረም። ድንጋዩ ሲመዘን እርጥብ ከነበረና ከ100 ግራሙ 8 ግራሙ ውሃ ከሆነ ደግሞ ነጋዴው 400 ብር የሰጠው ለውሃ ነው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ የስሌቱ መንገድ ግን በጆሀሪ ባዛር በየቀኑ የሚሠራበት ነው። «ሕንዶቹ በሉን» ከማለት በፊት ይህን ስሌት ሠርቶ ማየት ይገባል።

ጃይፑር በዓለም ደረጃ የታወቀችው በመረግድ ቆረጣ ነው። ከዛምቢያ፣ ከኮሎምቢያና ከብራዚል የሚመጣው አረንጓዴ ድንጋይ በዚህች ከተማ እጅ ያልፋል። በ2016 በሻኪሶ አካባቢ የተገኘውን የኢትዮጵያ መረግድ የሚነግድ ሰውም ተፎካካሪዎቹን የሚያየው እዚሁ ነው። ትልቅ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ድንጋዩን ለማስመርመር የሚፈልግ ገዢም አይቸገርም፤ በሕንድ የመጀመሪያው የከበሩ ድንጋዮች መመርመሪያ ላቦራቶሪ በ1972 የተቋቋመው በጃይፑር ነው።

ጨርቅ፣ ሸክላና አምባር

ድንጋይ ሁሉም ሰው የሚገዛው ዕቃ አይደለም። ጨርቅ ግን የማይገዛ የለም። ከከተማው በስተደቡብ ያለችው ሳንጋነርና በምዕራብ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ባግሩ በእንጨት ማኅተም በሚታተም ጥጥ ይታወቃሉ። ባለሙያው በእንጨት ላይ የተቀረጸውን ማኅተም ቀለም ያስነካል፣ ጨርቁ ላይ ያስቀምጣል፣ በመዳፉ ይመታል፤ ከዚያ ቀጥሎ፣ ከዚያ ቀጥሎ። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ማኅተም አለ። ሳንጋነር በነጭ መደብ ላይ በሚያርፍ ደቃቅ አበባ ትታወቃለች። ባግሩ ደግሞ ጭቃ ቀብቶ ቀለም እንዳያገኘው በሚከለክል ዘዴና ከተክል በሚገኝ ቀለም ትታወቃለች።

በባዛሩ ውስጥ ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን በማሽንና በወንፊት የታተመ ጨርቅም ይሸጣል፤ ስሙ ግን ያው ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በእጅ የታተመው መስመሩ አልፎ አልፎ ትንሽ ይዛነፋል፤ ማኅተሙ ከማኅተም ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይታያል፤ ቀለሙም ወደ ጨርቁ ጀርባ ይዘልቃል። ከዳር እስከ ዳር እንከን የሌለበት ከሆነ ማሽን ሳይሠራው አይቀርም። በሌላ ዕቃ ላይ ጉድለት የሚባለው እዚህ የእውነተኛነት ማስረጃ ነው። አምበር ላይ ባለው የአኖኪ የእጅ ኅትመት ሙዚየም ሥራውን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ገበያ ሲወጣ በቀላሉ አይታለልም።

የጃይፑር ሰማያዊ ሸክላም ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ ሸክላ አፈር የለበትም። የሚቦካው ከኳርትዝ ዱቄት፣ ከመስታወት ዱቄት፣ ከሙጫና ከመሰል ነገሮች ነው። ሙያው ሊጠፋ ደርሶ በ20ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊው ክሪፓል ሲንግ ሼካዋት ካነሱት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ዕቃው ስስና ተሰባሪ ስለሆነ ለሻንጣ አይመችም፤ የሚገዛ ሰው የማሸጊያውን ነገር አስቀድሞ ያስብ።

ርካሹና አስደሳቹ ትዕይንት ግን ማኒሃሮን ካ ራስታ ላይ ነው። አምባር ሠሪው ከነፍሳት የሚገኘውን ላክ የተባለ ሙጫ ከሰል ላይ ያለሰልሳል፤ ቀለም ይጨምርበታል፤ ያንከባልለዋል፤ ከዚያ በገዢዋ እጅ ልክ ክብ ያደርገዋል። ሥራው የሚያልቀው እዚያው ቆመው እያዩ ነው። ዋጋው ሲጠራ ገዢ የሚከራከርበት አንደበት የሚያጣው ስንት እጅ እንዳለበት ስላየ ነው።

ገበታው

ምግቡ ለኢትዮጵያዊ ቅርብም ሩቅም ነው። የራጃስታን ዋና ገበታ ዳል ባቲ ቹርማ ይባላል። ባቲ ከስንዴ ሊጥ የሚድቦለቦልና በፍም የሚበስል ደረቅ ዳቦ ነው። ተሰብሮ የነጠረ ቅቤ ይፈስበትና ከምስር ወጥ ጋር ይበላል፤ ቹርማ ደግሞ የተፈረፈረው ጣፋጭ ክፍል ነው። ጋቴ የተባለው ወጥ የሚሠራው ከሽምብራ ዱቄት ሊጥ ነው፤ ሽሮ የለመደ አፍ ዘመዱን ያውቀዋል። አካባቢው በረሃማ ስለሆነ ምግቡ ውሃና ትኩስ አትክልት በሌለበት ጊዜ እንዲቆይ ተደርጎ የታሰበ ነው።

ጠዋት በየመንገዱ በሽንኩርት የተሞላ ትኩስ ካቾሪ ከዘይት ይወጣል። በክረምቱ የቲጅ በዓል ሰሞን የማር እንጀራ የመሰለው ጌቫር የሚባለው ጣፋጭ ይደረደራል። ላሲ የሚባለው የተመታ እርጎ በሸክላ ኩባያ ይቀርባል። በርበሬ የሚወድ ሰው ላል ማስ ይዘዝ፤ ቀይ በርበሬ የበዛበት የበግ ወጥ ሲሆን የራጅፑት መሳፍንት የአደን ምግብ ነበር ይባላል።

በጾም ወቅት የሚጓዝ ነጋዴ «ሥጋ የለበትም» ሲባል ቶሎ ደስ እንዳይለው። በሕንድ አትክልት ብቻ ማለት ወተትና ቅቤ የለም ማለት አይደለም። ከምስሩም ከዳቦውም ላይ ቅቤ አለ። «ቅቤና ወተት ሳይነካ» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጄይን ነጋዴ ምሳ ሲጋብዝ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ላይኖር ይችላል፤ ይህ የእምነታቸው ሥርዓት ነው። በእንዲህ ዓይነት ምሳ ላይ የሚገኘው የገበያ ወሬ በሱቅ መስኮት ላይ ከተጻፈው ዋጋ ይበልጣል።

ኮሚሽኑን የሚከፍለው ማን ነው?

የጃይፑር ትልቁ ወጪ በደረሰኝ ላይ አይጻፍም። በአገራችን ባጃጅ የሚባለው፣ በሕንድ ግን ኦቶ የሚሉት ተሽከርካሪ ሹፌር፣ አስጎብኚውም ጭምር፣ እንግዳ ወደ ሱቅ ሲያደርስ ከሻጩ ኮሚሽን የሚያገኝበት አሠራር የተለመደ ነው። ሱቁ ይህን ከራሱ ትርፍ አይከፍልም፤ በዋጋው ላይ ይጭነዋል። 1,000 ሩፒ የሚያወጣ ዕቃ ለአቅራቢው 30 በመቶ የሚከፈልበት ከሆነ ሻጩ ያንኑ 1,000 ሩፒ ለማግኘት ከ1,400 ሩፒ በላይ መሸጥ አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከዋጋው 70 በመቶው ብቻ ስለሚቀረው። በጣም ርካሽ የመጓጓዣ ዋጋ ሲጠራ መጠርጠር የሚገባው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ወደ ገበያ በእግር መግባትና ሱቁን ራስ መምረጥ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ለመንገደኛ ወዳጅ መስሎ ቀርቦ «ይህን ድንጋይ አገርህ ብታደርስልን ትልቅ ትርፍ አለው» የሚል ሰው በጃይፑር የቆየ የማጭበርበር ዘዴ ነው። መያዣ ተብሎ ገንዘብ ወይም የካርድ ቁጥር ይጠየቃል፤ ድንጋዩ ግን ከዋጋው ጋር አይተዋወቅም። ያላወቁትን ዕቃ በሦስት እጥፍ የሚገዛ ሰው አገር ቤት ይጠብቃል የሚል ነጋዴ ትርፉን ለራሱ ለምን እንደማያደርገው መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ከኢትዮጵያ ጥሬ ድንጋይ ይዞ የሚሄድም ሆነ የተሠራ ይዞ የሚመለስ ነጋዴ የኤክስፖርት ፈቃዱንና የጉምሩክ ሰነዱን ይዞ መሆን አለበት። በኪስ የተያዘ ድንጋይ ቢወረስ የሚጮኹለት ቦታ የለም፤ በባዛሩም ሰነድ የሌለው ሻጭ ዋጋ የመጠየቅ ጉልበት የለውም። ገዢው ይህን ስለሚያውቅ ዝቅ አድርጎ ይጠራል።

ጉዞው ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዴልሂና ወደ ሙምባይ ይበራል። ከዴልሂ እስከ ጃይፑር በባቡር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከ2023 ወዲህ በከፊል የተከፈተው የዴልሂ ሙምባይ ፈጣን መንገድም የመኪናውን ጉዞ አቅልሎታል። የሚመቸው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ነው። በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በጥር 6 ገደማ በሚውለው የሳንክራንቲ በዓል ሕዝቡ ጣራ ላይ ወጥቶ ወረቀት ሲያበር ይውላል፤ ማየት ለሚፈልግ ደስ ይላል፤ ሥራ ለሚፈልግ ግን ያ ቀን ባዶ ነው።

ከተማዋ የሌላት ነገር

ጃይፑርን ከጎበኘ ነጋዴ ጋር አብሮ የሚመለሰው ትልቁ ነገር ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ያች ከተማ የምትነግደው ድንጋይ ብዙው የራሷ አይደለም። መረግዱ ከዛምቢያ፣ ታንዛናይቱ ከታንዛኒያ፣ ኦፓሉ ከደላንታ ይመጣል። የራሷ የሆነው ድንጋዩን የት ላይ መቁረጥ እንደሚገባ የሚያውቀው ዓይን፣ የሚሞርደው እጅ፣ እሽጉን በቃል ተቀብሎ የሚያመላልሰው ደላላና እነዚህን ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ የሰበሰበው የ1727 ንድፍ ነው።

ኢትዮጵያ ደግሞ በተቃራኒው ድንጋዩ አላት። አዲስ አበባ ውስጥ ኦፓል የሚሞርዱ ወጣቶች አሉ፤ መሞረጃ መግዛትም የማይቻል ነገር አይደለም። የጎደለው ማሽን ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ብድር ያልቅ ነበር። ማሽን በአንድ ቀን ይተከላል፤ መስመሩን የሚወስነው ሁለተኛው ሰው ግን በዓመታት፣ ብዙ ድንጋይ እያበላሸ፣ አጠገቡ ከእሱ የሚበልጥ እያለ ነው የሚሠራው። ለዚያ ሰው መማሪያ የሚበላሸውን ድንጋይ ዋጋ የሚሸከም ኢንቨስተር እስካልተገኘ ድረስ ግራም ሻጭነቱ ይቀጥላል።

ስለዚህ ወደ ጃይፑር የሚሄድ የድንጋይ ነጋዴ ከሽያጩ ሌላ አንድ ቀን ቢጨምር አይከስርም። በዚያ ቀን እሽጉን አጥፎ ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ፣ አንዲት የራሱን ኦፓል ቆራጭ ፊት አስቀምጦ፣ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው ውልወላ ድረስ ተቀምጦ ይይ። አገሩ ሲመለስ ወገል ጤና ላይ ሚዛን ፊት ሲቆም የሚጠራው ዋጋ ከዚያ ቀን በፊት ይጠራው ከነበረው ይለያል።